አናጢውና ሚስቱ በዓሣ ቤት

ጥላዬ የሚባል ጎልማሳ በአባቱ ቤት በተደረገ ድግስ ላይ ተጣልቶ በማግስቱ ወደ መምህሩ መጣ። «የኔታ፣ ጥፋትን ጥፋት ነው ማለት ኃጢአት ነው እንዴ? እውነቱን ስለተናገርኩ ቤተሰቡ ሁሉ አኮረፈኝ» አላቸው። መምህሩም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

ሞላልኝ የሚባል አንድ አናጢ ነበረ። እጁ የተባረከ፣ ዓይኑ ግን ጉድለት የማያልፈው ሰው ነበረ። ሰው ቤት ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት የበሩን መንጋደድ ያያል። ሚስቱ አስካለ ደግሞ ዝምተኛ ነበረች፤ አንዲት ነገር ለመናገር ሦስት ቀን የምታስብ።

እነዚህ ባልና ሚስት በተጋቡ ሰሞን፣ ከከተማቸው የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ሐይቅ ዳር፣ አንዲት ባልቴት በከፈተችው ዓሣ ቤት በልተው ነበር። ዓሣው ከውሃው ወጥቶ ሳይውል ሳያድር የሚጠበስ፣ ዳጣው ዓይን የሚያስነባ ነበረ። አስካለ በልጅነቷ እናቷ የሞቱባት ናት። ያን ቀን ለማንም ያልነገረችውን ሐዘኗን ለባሏ አውጥታ ነገረችው። እሱም እጁን እንኳ ሳይታጠብ አቀፋትና «አይዞሽ» አላት። ከዚያ በኋላ ያ ቤት በተነሣ ቁጥር እሱ የሚያወራው ስለ ዓሣው ነበር። እሷ የምታስታውሰው ግን ያቺን «አይዞሽ» ነበረ።

የተጋቡበት ሠላሳኛ ዓመት ሲደርስ አስካለ «እዚያ ዓሣ ቤት ውሰደኝ» አለችው። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃው ስለማታውቅ በጣም ደስ አለው። ካፖርቱን አስተኮሰ፤ እሷም ለክት ያስቀመጠችውን ቀሚስ ለበሰች፤ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ስለ ዓሣው አወራላት።

ሲደርሱ ቤቱ ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። ባልቴቷ ከሞተች ቆይታለች። ቤቱን የገዛው ሰው ሐይቁን የሚያሳየውን በረንዳ በቆርቆሮ ዘግቶታል። ጠረጴዛው ይወዛወዛል፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። የቀረበላቸው ዓሣ ደግሞ ከበረዶ የወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተጠበሰበት በማይታወቅ የጠቆረ ዘይት የራሰ ነበር። አናጢው አንድ ጉርሻ ወስዶ ተፋው።

«ይሄ ዓሣ ነው?» አለ።

«ተወው ሞላልኝ፤ ለሆድ ብለን አይደለም የመጣነው» አለች አስካለ። ሳህኑን ወደ ዳር ገፋ አደረገችና እጇን እጁ ላይ ጫነች። «አንድ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ላስተካክል።»

«አሁን ልንገርህ።»

«ሠላሳ ዓመት ጠብቀን መጥተን እንዲህ ይጫወቱብን እንዴ? መጣሁ!»

እጁን ከእጇ ሥር አወጣ፤ ሳህኑን አንሥቶ ወደ ማድ ቤት ገባ።

እዚያም አብሳይዋን ተቆጣ፤ የዓሣ ቤቱን ባለቤት አስጠራ፤ ዘይቱን በጭልፋ እያነሣ ለተመጋቢው ሁሉ አሳየ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበረ፤ አንዲት ቃል እንኳ አላጋነነም። ባለቤቱም በሰው ፊት አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ። ዘይቱ ተደፋ። ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ትኩስ ዓሣ ተፈልጎ መጣ፤ አናጢው ራሱ ምድጃው አጠገብ ቆሞ አስጠበሰው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ሳህኑን ከፍ አድርጎ ይዞ ፊቱ እየበራ ተመለሰ።

አስካለ ነጠላዋን ተከናንባ ቆርቆሮውን ታያለች።

«ብዪ እንግዲህ፤ ዓሣ ማለት ይሄ ነው!» አላት። ጥቂት ቆረሰች። «ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ረሳሁት» አለች።

አመናት። በመልስ ጉዞ የዓሣ ቤቱን ባለቤት እንዴት አፉን እንዳስያዘው ደጋግሞ አወራላት።

ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ አስካለ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሞቹ በሆዷ ያለው ዕጢ ተሠራጭቷል፣ ጊዜውም አልፏል አሉ። አናጢው ክረምቱ ሳይገባ ቀበራት።

በሠልስቱ ዕለት እኅቷ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «አስምላኝ ነው ዝም ያልኩት» አለችው። «ወደ ዓሣ ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አይቷት ነበር። ቶሎ ቀዶ ጥገና ካደረግሽ ትድኛለሽ ብሏት ነበር። ቢላዋውን ፈራች።»

«ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?» ብሎ ጮኸ።

«ልትነግርህ ነው ይዛህ የሄደችው። ‹እዚያ ቤት አይዞሽ ብሎኝ ያውቃል፤ አሁንም እዚያው አይዞሽ ካለኝ ለቀዶ ጥገናው እገባለሁ› ብላኝ ነበር። ስትመለስ ግን ‹ያጠራቀምኩት ድፍረት ዓሣ ሲጠበስ አለቀብኝ፤ ሌላ ከየት አመጣለሁ?› አለች። ለመንኳት፤ እምቢ አለችኝ።»

አናጢው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሥራውንም አልተወም። ነገር ግን ሰው ሊያናግረው ሲመጣ መጋዙን ያስቀምጥና ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቅ ነበር። ሰውየው «ለሰላምታ ብቻ ነው የመጣሁት» ቢለውም እንኳ፣ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

መምህሩ ይህን ከተናገሩ በኋላ ወደ ጥላዬ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ አናጢው አልዋሸም። ዘይቱ የተበላሸ ነበር። የጎዳው እውነት መናገሩ አይደለም፤ ዘይቱን ሲያይ ሚስቱን አለማየቱ ነው። አንተም እንደዚሁ ነህ። ትናንት ድግሱ ላይ ነበርኩ። ጠላው መጎምዘዙ፣ ድንኳኑ ማፍሰሱ እውነት ነው። ነገር ግን አንተ አሳላፊዎቹን ስትቆጣ አባትህ ሁለት ጊዜ ‹ጥላዬ፣ እስቲ አጠገቤ ና› ብለው ጠሩህ። ሁለት ጊዜ ‹ይቆዩኝ› አልካቸው። ሦስተኛ አልጠሩህም።»

ጥላዬ አንገቱን ደፋ። «ምን ሊሉኝ ነበር፣ የኔታ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አሉ መምህሩ። «አባትህ በሕይወት አሉ። ተነሥ፣ ሂድ።»