ጠበቃው በልጁ ሠርግ ላይ

አንድ ይርዳው የሚባል ጠበቃ ነበር። ችሎት ፊት ቆሞ መናገር ሲጀምር ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ ያዳምጠዋል፤ ባላጋራው እንኳ ተረትቶ ሲወጣ «መረታቴስ ይሁን፣ አነጋገሩ ግን ይጣፍጣል» እያለ ይጽናናል። ይህ ሰው ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። እራቱን ይበላል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይተኛል። ሚስቱ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ምነው ለእኛ ሲሆን ምላስህ ይታሰራል ስትለው፣ ዝም አይነቅዝም ብሎ ያልፋታል።

ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባቷ ዘንድ ቀረበች።

«አባዬ» አለችው፣ «ከአንተ ወርቅም ልብስም አልፈልግም። በሠርጌ ቀን ቆመህ ስለ እኔ ተናገርልኝ። ደስ አሰኝቼህ ይሁን አሳዝኜህ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህን ሳላውቅ ከቤትህ አልውጣ።»

ጥያቄዋ አንጀቱን በላው። ሆኖም የሚያውቀው የንግግር ዓይነት አንድ ብቻ ነበርና፣ ወረቀት አውጥቶ የክስ መልስ እንደሚያዘጋጅ ሰው መጻፍ ጀመረ። ስለ ትዳር ምንነት ጻፈ፤ በትዳር ላይ የሚደርሱትን ችግሮች በተራ ቁጥር ዘረዘረ፤ ማስረጃና መደምደሚያ ጨመረበት። አሥራ አንድ ገጽ ሞላ። አንድ እሑድ ለድግሱ ሽንኩርት ለምትልጠው ሚስቱ ከዳር እስከ ዳር አነበበላት። እሷም አዳምጣ ስታበቃ ትርንጎ የት አለች ብላ ጠየቀችው። ስሟ መጨረሻው ገጽ ላይ እንዳለ ነገራት። ወይዘሮ ዘርፌ፣ እንግዳው እስከዚያ ከቆየልህ መልካም ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። በመጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ሙሽሮቹን መረቁ። ውለዱ ክበዱ ሲሉ፣ ትዳራችሁን የአብርሃም የሣራ ያድርገው ሲሉ፣ ሠርገኛው እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ምስኪኑ ይርዳው ተራው የደረሰው ከእሳቸው ቀጥሎ፣ የሰው እጅ ገና እንደተዘረጋ ነበር። በችሎት ልማዱ አንድ ነጥብ ከተናገረ በኋላ ዳኛው እንዲጽፍለት ጥቂት ያርፋል። ሠርገኛ ደግሞ ትልቅ ሰው ተናግሮ ሲያርፍ የሚያውቀው መልስ አንድ ነው።

«በትዳር ውስጥ ጠብ ይነሣል» አለ ይርዳው ረጋ ብሎ።

«አሜን» አለ ድንኳኑ።

«ማጣትም ይመጣል።»

«አሜን።»

«አማት ጣልቃ ትገባለች።»

«አሜን።» ከሁሉ ቀድማ ይህን ያለችው የሙሽራው እናት ነበረች።

ሳቁ ከዚያ ጀመረ። ይርዳው ደነገጠ፤ በሃያ ዓመት ሙግት የተናገረውን ሁሉ የሚቀበል ባላጋራ ገጥሞት አያውቅም። ይህ ምርቃት አይደለም ብሎ ሊያርማቸው ቢሞክር ለእሱም አሜን ተባለለት። ሚዜዎቹ ተደጋግፈው ሳቁ፤ መራቂው ሽማግሌ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ያልሳቀችው ትርንጎ ብቻ ነበረች። ዓይኗን አባቷ አፍ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ይርዳው ያን አስተያየት በደንብ ያውቀዋል፤ ፍርዱን ሊሰማ የቆመ ሰው ነው እንዲያ የሚያየው። ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ከእሱ በቀር ፍርድ ሰጪ እንደሌለ ገባው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ሳቁን ተወ።

«ትርንጎ» አለ። «ተረትቼ ወደ ቤት የገባሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በሩን የምትከፍችልኝ አንቺ ነበርሽ። ፊትሽን ሳይ፣ ታዲያ ምን ጎደለብኝ እል ነበር። በልቤ ነው የምለው። አንድ ቀን እንኳ አሳዝነሽኝ አታውቂም። ይህን እስከ ዛሬ ስላልነገርኩሽ ይቅር በይኝ ልጄ።»

አሁን አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ሙሽራ ከመቀመጫዋ አትነሣም መባሏን ረስታ ትርንጎ ተነሣች። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀድሞ አቀፋት፤ ሁለቱም አለቀሱ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘርፌ ዓይኗን ጠራርጋ ዘፈኑ እንዲቀጥል አዘዘች። በዚያን ዕለት ትርንጎ የጨፈረችውን ያህል የጨፈረ ሙሽራ በዚያ አገር አልታየም ይባላል።

ወዳጆቼ፣ እኛም እኮ ለውጭ ሰው ቃል አንቆጥብም። የጎረቤትን ልጅ ጎበዝ እንላለን፤ የባልንጀራችንን ሚስት ሙያ እናደንቃለን። ለገዛ ቤታችን ሰው ሲሆን ግን መቼም ያውቀዋል ብለን እናልፋለን። አያውቀውም። ያልተነገረው ሰው ምን አጠፋሁ እያለ ይኖራል፤ ለእሱ ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ አያስፈልገውም።

ከቤታችሁ ሰዎች መካከል አፋችሁን እያየ የሚጠብቅ ማን አለ? ዛሬውኑ ንገሩት። ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ብቻ አይደለም።