የአሮጊቷ ዝንጀሮ ጠያቂዎች

ሰሚ ከሆናችሁ አውሪ አላጣችሁም፤ ተረት ልንገራችሁ።

በአንድ ገደል ሥር አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ትኖር ነበር። ጉልበቷ ስለከዳት ከዋሻዋ መውጣት አቃታት። ደግነቱ ጠያቂ አላጣችም። ጠዋት ጠዋት ሥር ቆፍሮ የሚያክመው ጃርት መራራ መድኃኒት ያስውጣታል፤ ማታ ማታ ደግሞ ጎረቤቷ ሽኮኮ ፍሬ ታመጣላታለች። ሁለቱ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

መድኃኒቱ በባዶ ሆዷ እየገባ ያቅለሸልሻት ጀመር፤ ፍሬውንም መቅመስ አስጠላት። ጃርት ሕመሙ የጠናባት መስሎት ሥሩን ጨመረ። ሽኮኮም ፍሬው ሳይነካ ስታገኘው የጠገበች መስሏት ምግቡን ቀነሰች። አሮጊቷ ሁለቱንም ላለማስቀየም ዝም ብላ መነመነች።

አንድ ቀን ሽኮኮ ዝናብ አላስወጣ ብሏት እዚያው አደረች። ጠዋት ጃርት ሲመጣ አሮጊቷ ሁለቱን አየቻቸው።

"ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ትወዱኛላችሁ" አለች። "ግን አንዳችሁ የምታደርጉትን ሌላችሁ አታውቁም። እኔ መሀል ቤት ማለቄ ነው።"

ጃርት ደነገጠ። "እማማ፣ ይህ ሥር እኮ እህል ሳይቀምሱ አይወሰድም። ቁርስ ማን እንደሚሰጥዎ ጠይቄ አላውቅም።"

"እኔ ጠዋትም መምጣት እችላለሁ" አለች ሽኮኮ። "የጠራኝ ስለሌለ ነው።"

ከዚያ ወዲያ አብረው ይመጡ ጀመር። እሷ ታጎርሳለች፣ እሱ ያስውጣል፤ ሲመለሱም ስለ አሮጊቷ እየተመካከሩ ይሄዳሉ።

አንድ ጠዋት ሲደርሱ ዋሻው ባዶ ነበር። በድንጋጤ ቀና ሲሉ አሮጊቷ ከዋሻው በላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች።

"ምነው ዘገያችሁ?" አለቻቸው። "እኔ እኮ ራበኝ።"

እኔ ተረቴን አደረስኩ፤ እናንተም ለጎረቤት አድርሱ።