እሩሯ ከመስመር የወጣች ዕለት

እስቲ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ፣ እንጨትና ድንጋይም ሲጠሩ አቤት ሲሉ በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን በአንድ ገደል ላይ አባ ሽኮኮና እመት ሽኮኮ የሚባሉ ባልና ሚስት ከብዙ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከገደሉ ሥር አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች። ሽኮኮም ከእርሷ ይጠጣል፣ ድኩላም ከእርሷ ይጠጣል፣ ነብርም ከእርሷ ይጠጣል፤ በአካባቢው ሌላ ውኃ አልነበረም።

አዝመራ ተሰብስቦ ሜዳው ባዶ ሲሆን እንስሳቱ ቆልማማ ዱላ ይዘው እሩር ይመቱ ነበር። እሩሯ ከወይራ ጉቶ የተሠራች ድቡልቡል ኳስ ናት። አባ ሽኮኮ ነው በጥርሱ ፍቆ ፍቆ የጠረባት። እርሷም አፍ ነበራትና በተመታች ቁጥር ትስቃለች። በጨዋታው ቀን ጥፍር አይወጣም፣ ቂም አይያዝም፣ የፈለገ የፈለገውን ይሳደባል።

«አንተ ጭራ የለሽ፣ ጭራ ቢኖርህ እኮ እንዲህ አትንገዳገድም ነበር» ይላል አያ ነብር።

«ጭራ ቢኖረኝማ እሱን ይዘህ ታስቀረኝ ነበር» ይላል አባ ሽኮኮ።

አንድ ዓመት በጨዋታው መካከል እሩሯ ጠፋች። ድኩላ ቁጥቋጦ ውስጥ ፈለጋት፣ አጣት። ጃርት ጉድጓድ ውስጥ ፈለጋት፣ አጣት። ነብር ዛፍ ላይ ወጥቶ ፈለጋት፣ አጣት። አባ ሽኮኮ ብቻ ሜዳው ላይ ተኝቶ «እግሬን፣ እግሬን» ይላል። በመጨረሻ ከሆዱ ሥር ሳቅ ተሰማ። እሩሯ ናት፤ መታገሥ አቅቷት። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እመት ሽኮኮ ከገደሉ ቋጥኝ ላይ ሆና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አያ ነብር ግን አልሳቀም።

በማግሥቱ ወደ ገደሉ መጣ።

«ይህ የልጆች ነገር ነው። ማን እንዳሸነፈ እንኳ አይታወቅም። ለከርሞ አዝመራ ሲሰበሰብ የምር እንወዳደር። ያሸነፈ የምንጩ ጌታ ይሁን፤ የተሸነፈ ከእነቤተሰቡ አገር ይልቀቅ። እንቢ ካላችሁ ምንጩን በጥፍሬ እወስደዋለሁ።»

«በጥፍር ከሚሆንስ በዱላ ይሁን» አለ አባ ሽኮኮ። «ግን ውድድር ከሆነ መስመር ይኑረው፣ ዳኛ ይኑረው። እሩሯን ከመስመር ያስወጣም ለባላጋራው ይስጥ።»

ኤሊ ዳኛ ሆነች። ድንጋይ ለብሳ ነብርን ምን ያደርገኛል ብላ ትፈራዋለች? እግሯ ላይ ብቻ ትንሽ ዘገየት ትላለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ መሞቅ የሚወደው አባ ሽኮኮ ፀሐይ መሞቁን ተወ። ጎሕ ሲቀድ ገደሉን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል።

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ ድሮ እኮ እንዲሁ ከእንቅልፍህ ተነሥተህ ነበር ወደ ሜዳ የምትሄደው» አለችው ሚስቱ።

«ለጨዋታ እንዳለሁ እሄዳለሁ፤ ለውድድር ግን እግሬን ማስተማር አለብኝ» አላት።

ዓመቱ ዞሮ የውድድሩ ቀን ደረሰ። ሦስት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር አያ ነብር ተወርውሮ እሩሯን ከሜዳው ጫፍ አድርሶ ዙሩን አሸነፈ። አባ ሽኮኮ እያለከለከ ወደ ቋጥኙ ቀና አለ። «አየሽው? እንዴት ያምራል ሲሮጥ።»

«ከቤትህ የሚያስወጣህን ታደንቃለህ?» አለች እመት ሽኮኮ።

በሁለተኛው ዙር አባ ሽኮኮ በነብር እግሮች መካከል ሾልኮ እሩሯን ከሌላው ጫፍ አደረሳት። እኩል ሆኑ።

በሦስተኛው ዙር አቧራው ጨሰ። አባ ሽኮኮ እሩሯን እየነዳ በሜዳው ዳር ሲሄድ ከዱላው አመለጠችና አንድ ጊዜ ተንከባላ ከመስመሩ ወጣች። ኤሊ ገና መንገድ ላይ ናት። ነብር ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶ ያሻል።

እሩሯ በሹክሹክታ ተናገረች። «ቶሎ መልሰኝ፣ ማንም አላየም። የጠረብኸኝ አንተ ነህ፤ አሁን አልስቅም።»

ከቋጥኙ ላይ ግን እመት ሽኮኮ አይታለች። ልጆቿ በዙሪያዋ ናቸው፣ ምንጩ ከሥሯ ነው። «መልሳት፣ መልሳት» አለች በልቧ።

አባ ሽኮኮ ዱላውን ወደ ላይ አነሣ። «እሜቴ ኤሊ፣ ወጥታለች። ያስወጣኋት እኔ ነኝ።»

እሩሯ ለነብር ተሰጠች፤ ነብርም ከጫፍ አድርሶ አሸነፈ። ምንጩ የእርሱ ሆነ።

እመት ሽኮኮ እያለቀሰች ልጆቿን ለመንገድ ሰበሰበች። «አምና በሆድህ ደብቀሃት ስንስቅ ዋልን። ዛሬ ለልጆችህ ውኃ ስትል አንድ እርምጃ መመለስ አቃተህ?»

«አምና የደበቅኋት ሁላችሁም እንድትስቁ ነው። ዛሬ ብደብቃት ግን የምሰርቀው የእሱን ሩጫ ነው። የእኔም የጠዋት ጠዋት ልፋት የሌባ ልፋት ይሆናል።»

እመት ሽኮኮ ያን ያህል ዘመን አብራው ኖራ ባሏን ገና ያን ቀን ያየችው መሰላት።

ከገደሉ ሲወርዱ ነብር መንገዱ ላይ ቆሞ አገኙት።

«ወዴት ነው?»

«እንደ ቃላችን ነዋ።»

«የምንጩ ጌታ ማን ነው?»

«አንተ።»

«እንግዲያው ጌታው ይናገር። ጠዋት እናንተ ጠጡ፤ ማታ እኔ እጠጣለሁ። የሚፈራኝ ሞልቷል፤ ማንም ሳያየው በራሱ ላይ የሚፈርድ ግን ከአንተ በቀር አላውቅም። አንተ ከሄድህ ከማን ጋር ልወዳደር?» ከዚያም ጎንበስ ብሎ «እሩሯን በሆድህ የደበቅህ ቀን ደግሞ ቤቴ ገብቼ ስቄአለሁ። ለማንም እንዳትናገር» አለው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጫወታሉ፣ አንድ ቀን ይወዳደራሉ። ዘመን አለፈ፤ አባ ሽኮኮም አርጅቶ ሞተ። አያ ነብር ለቅሶ መጥቶ ከቋጥኙ ሥር ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት እመት ሽኮኮን። «እሩሯ ስትወጣ እንግዲህ ማን ይነግረኛል? እሜቴ ኤሊ እንደሆነች አሁንም መንገድ ላይ ናት።»

እመት ሽኮኮ እንባዋን ጠርጋ ከቋጥኙ ወረደች። «መስመሩ ላይ እኔ እቆማለሁ» አለችው። «ያስወጣት የገዛ ልጄ ቢሆንም ወጥታለች እላለሁ።»

እንዳለችውም ቆመች።

ጨዋታ አብሮ የሚስቅ ይፈልጋል፤ ውድድር ደግሞ ማንም ባላየው ነገር እውነት የሚናገር ይፈልጋል። ለሁለቱም የሚሆን ሲገኝ ብርቅ ነው። እኔ እስከዚህ አደረስኩት፤ እናንተም ለሚቀጥለው አድርሱት።