አሻጋሪው አንለይ እና ቁጡዋ ብስክሌት

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይበደር። ተረት ልጀምር ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ወንዝ አፍ፣ ጭቃም ምላስ በነበረው ዘመን፣ አንለይ የሚባል አሻጋሪ ነበር። ቤቱ ተራራው ላይ፣ ሥራው ወንዙ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት አሮጌ ብስክሌቱ ላይ ይወጣና ቁልቁለቱን ይወርዳል። «በድሮ ጊዜ ብስክሌት ከየት መጣ?» የምትሉ አላችሁ። ወንዝ ሲናገር ዝም ብላችሁ፣ ብስክሌት ላይ ስንደርስ ልትከራከሩኝ ነው? በሉ ስሙ።

አንለይ ወንዙ ዳር ደርሶ ውሃውን በዘንጉ ይለካል። ደህና ከሆነ «ተሻገሩ» ይላል፤ ደህና ካልሆነ «ቆዩ» ይላል። ሰውም ይሰማዋል። እሱ ሥራ ከያዘ ወዲህ ወንዙ አንድ ሰው እንኳ አልበላም። ስለዚህ ወንዙ ርቦታል።

አንድ ክረምት ወንዙ ዘመዶቹን ሰበሰበ። ካፊያ መጣች፤ ዋርካ መጣ፤ ጭቃም እየተጎተተ መጣ።

«ነገ ጠዋት የአንለይ ሚስት እንጉዳይ ትመለሳለች» አላቸው ወንዙ። «ልትወልድ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ነገ የበኩር ልጇን አዝላ በእኔ ላይ ታልፋለች። ላይ አገር ዝናብ ሲጥል ያድራል፤ ደራሽ ውሃዬ ጠዋት ከተፍ ይላል። አንለይ ከዘገየ እናትና ልጅ የእኔ ናቸው። እንዴት አድርገን እናስቀረው?»

«ላቀዝቅዘው» አለች ካፊያ። «ላሰናክለው» አለ ጭቃ። «ቅርንጫፍ ልጣልበት» አለ ዋርካ።

ዋርካው ላይ አንዲት ቁራ ተቀምጣ ነበር። በኖኅ ዘመን ተልካ የቀረችው የዚያች ቁራ ዘር ናት አሉ።

«ሞኞች!» አለቻቸው። «አንለይ ብርድ አይፈራም፤ መውደቅም አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ‹ሰው ምን ይለኛል› ነው። አትምቱት። አክብሩት።»

ወንዙ ሳቀ።

ሲነጋ አንለይ ጋቢውን ደርቦ ብስክሌቱን አወጣ። ይህች ብስክሌት ቁጡ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«ዛሬ ሰማዩ ደስ አላለኝም» አለችው። «ፍሬኔ ረጥቧል፣ ልቤም ፈርቷል። ሚስትህና ልጅህ በመንገድ ላይ ናቸው። ወንዙ ዳር ሳትደርስ እግርህ መሬት እንዳይነካ!»

«እሺ» አላት። ከልቡ ነበር እሺ ያላት።

ከመንደሩ ሲወጡ ካፊያ ጠበቀችው። «አንለይ ወንድሜ! እንደምን አደርክ?»

«አትቁም!» አለች ብስክሌቷ።

«ሰላምታ ሳልመልስ? ምን ይሉኛል?» አለና አንድ እግሩን መሬት አስረገጠ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ካፊያ። እንደምን አደርሽ?»

«ደህና። ከብቶቹ ደህና ናቸው?» «ደህና ናቸው።» «ጎረቤቶችህ?» «ደህና ናቸው።» «የነፍስ አባትህስ? ያ የታመመው በሬስ? ያችን ጠብ የገጠምካትን አክስትህን ታረቅኻት?»

እሷ እየጠየቀች ታርሰዋለች፤ እሱ እየመለሰ ይርሳል። ጥያቄው ሲያልቅ ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ትከሻው ላይ ከበደ።

እዚያ ማዶ ደግሞ እንጉዳይ ልጇን እያዘለች ነበር። «አባባ፣ ቶሎ እንሂድ» ትላለች። «አንለይ ይጠብቀናል።»

ወደ ቁልቁለቱ አጋማሽ ሲደርሱ ዝናቡ ጠነከረ። ዋርካው እጆቹን ዘርግቶ ተጣራ። «አንለይ ልጄ! ደጄን ረግጠህ ልታልፍ ነው? ንቀኸኝ ነው? ግባ፣ ለአፍታ ተጠለል!»

«አትቁም!» አለች ብስክሌቷ።

«ትልቅ ሰው ግባ ብሎኝ እምቢ እላለሁ? ምን ይሉኛል?» አለና ገባ። እሷን ደጅ፣ ዝናብ ላይ አቆማት። ካቴናዋ እያለቀሰ ቀረ።

ትንሽ ቆይቶ ተነሣ። «በሞቴ!» አለ ዋርካው። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሣ። «አፈር ስሆን!» አለ ዋርካው። ተቀመጠ። ከተራራው ራስ ላይ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ጉም፣ ጉም፣ ጉም ይላል። አንለይ ጆሮውን አቀና።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ነጎድጓድ ነዋ! እስኪያባራ ተጫወት።»

ደጅ ያለችው ብስክሌት ግን ጮኸች። «ነጎድጓድ ያልፋል! ይሄ አያልፍም፣ እየቀረበ ነው!» አንለይ ይቅርታ እየለመነ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። ለመውጣት ራሱ ስንት ደቂቃ ፈጀ መሰላችሁ!

እዚያ ማዶ በቅሎዋ ተጭና መንገዱን ይዛለች። እንጉዳይ ልጇን አዝላ በቅሎዋ ላይ ናት። አባቷ ግራዝማች ተድላ ልጓሙን ይዘው ከፊት ይመራሉ።

አንለይ አሁን ፔዳሉን እየረገጠ በረረ። ሊደርስ ሲል፣ ረባዳው ላይ፣ ጭቃ መንገዱን ሞልቶ ተኝቷል።

«ጌታዬ» አለው በሚያሳዝን ድምፅ። «እግር አልፈጠረልኝም። እስከ ወንዙ ብቻ አፈናጥጠኝ።»

«አትቁም! አትቁም! አትቁም!» አለች ብስክሌቷ።

«ደካማ ለምኖኝ ጥዬው ልሂድ? ምን ይሉኛል?»

ጭቃው ተፈናጠጠ። «ወንድሜንም» አለ፤ ወንድሙም ወጣ። «እናቴንም» አለ፤ እናቱም ወጣች። ጎማው ላይ ተጠቀለሉ፤ ካቴናው ውስጥ ገቡ፤ ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ ሥር ጎጆ ቀለሱ። ጎማው አልዞር አለ። አንለይ ገፋ፤ እምቢ አለ። ጎተተ፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ብስክሌቱን ከነጭቃው ትከሻው ላይ አወጣና እየተንሸራተተ መራመድ ጀመረ። ድምፁ ቀርቧል፤ ጉም፣ ጉም፣ ጉም።

«ጣለኝ!» አለችው ብስክሌቷ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክመሽኝ አንቺን ልጣል? ምን ይሉ...»

«እኔንም በይሉኝታ ልትሸከመኝ ነው?» አቋረጠችው። «ካፊያ የጠየቀችህ ስለ ጤናህ አስባ አይደለም። ዋርካም የለመነህ አዝኖልህ አይደለም። በነጋ በጠባ የምጮህብህ እኔ ነኝ የምወድህ! ጣለኝና ሩጥ!»

አንለይ የምትለው ገባው። ብስክሌቷን ቦይ ውስጥ ወረወራትና ሮጠ።

ወንዙ ዳር ሲደርስ ያየውን አየ። ማዶ፣ አማቱ ግራዝማች ተድላ አንድ እግራቸውን ውሃው ውስጥ አግብተዋል። ከኋላቸው በቅሎዋ አለች፤ በቅሎዋ ላይ እንጉዳይ አለች፤ እንጉዳይ ጀርባ ላይ ልጅቷ ተኝታለች። ውሃው ገና ጉልበት አይደርስም።

«ይግቡ፣ አባቴ» ይላል ወንዙ። «ይኸው፣ ቁርጭምጭሚትዎን ባርስዎ ነው።»

ውሃው ግን ደፍርሷል። እርጥብ ቅጠልና ጭራሮ ይዟል። አንለይ ይህን ሲያይ አወቀ፤ ደራሹ መምጣቱ ነው።

«አይግቡ!» ብሎ ጮኸ። ወንዙ ድምፁን ዋጠው። ጋቢውን አውልቆ አውለበለበ። አማቱ ሰላምታ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሡና ሁለተኛውን እግራቸውን አስገቡ። በቅሎዋም ተከተለች።

በዚያ አገር አማት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንለይ የግራዝማችን ዓይን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። እሳቸው ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አሁን ጎንበስ አለና ድንጋይ አነሣ።

«ኧረ ነውር ነው!» አለ ወንዙ። «አማትህን? በድንጋይ? አገሩ ምን ይልሃል?»

«ያለውን ይበለኝ!» አለ አንለይ፤ ወረወረ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገባ። ግራዝማች ዓሣ መሰላቸው። ሁለተኛው በበቅሎዋ ጆሮ አጠገብ አለፈ። ግራዝማች ቀና አሉ፤ ዓይናቸውን አላመኑም። ሦስተኛው ትከሻቸውን መታ። ባርኔጣቸው ወደቀና ውሃ ወሰደው።

«ባለጌ!» ብለው ጮኹ። «ልጄን ለእብድ ነው እንዴ የዳርኩት? ይቺን ልጅ ዓይኗን አታያትም!» በቁጣ ልጓሙን ጠመዘዙ። እንጉዳይ አለቀሰች። በቅሎዋ ዞረች፤ ዳገቱን ወጣች።

የኋላ እግሯ ከአሸዋው ሲለቅ ደራሹ መጣ።

ግንድ ይዞ መጣ። ቋጥኝ እያንከባለለ መጣ። ቅድም የቆሙበት ቦታ የት እንደነበረ የሚያውቅ አልነበረም። ወንዙ ወዲህ ዳር ላሰ፣ ወዲያ ዳር ላሰ፤ ከባርኔጣው በቀር ምንም አላገኘም።

ወዲህ ማዶ አንለይ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አማቱን በድንጋይ መትቷልና ፊቱን ማንሣት አቃተው። ወዲያ ማዶ ግራዝማች ተድላ ባዶ ራሳቸውን ሆነው ሊሻገሩት የነበረውን ውሃ አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና አንድ ድንጋይ አነሡ።

«በቃ፣ ሊመልሱለት ነው!» አለ ከአንለይ ኋላ ለገበያ ሊሻገር የደረሰው ሰው ሁሉ።

እንጉዳይ ባሏን ተጣራች፤ ድምፅ አልተሻገረም። እሱ ግን ቀና አለ። ግራዝማች ድንጋዩን ሳሙት። ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያም እሳቸው፣ አማት የሆኑት፣ ሽማግሌው፣ ለልጃቸው ባል ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

ብስክሌቷስ ካላችሁ፣ ወንዙ ሲጎድል ከቦይ ወጣች፤ እስከ ቤት ድረስ ስትሳደብ ሄደች።

ተረቴን እዚህ ላይ ቋጠርኳት፤ ቋጠሮዋም ይህ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ወዳጅ ግን ድንጋይ ወርውሮም ይመልሳል።