የግራሩና የሸምበቆው ጎጆ

ተረት ተረት፤ እንቅልፍ ላልወሰደው ሁሉ።

ጭጋግ በማይለቀው ሐይቅ ዳር አንዲት ወፍ ግራር ላይ፣ እህቷ ደግሞ ሸምበቆ ላይ እንቁላል ሊጥሉ ደረሱ። ዝናቡ ከተራራው ጀርባ ያጉረመርማል። ጎጆ የሚሠራላቸው ወንድማቸው ግን ሣሩን በአፉ ይዞ ያመነታል።

«ግራር ሌላ፣ ሸምበቆ ሌላ!» አለችው ልኬት የምትወደው ሸረሪት። «ለየብቻ ካልለካህ ምኑን ጎጆ ሆነ?»

«ኧረ ዝናቡ አይጠብቅህም፣ ወንድሜ» አለው ቸኩሎ የማያውቀው ቀንድ አውጣ። «እኔ አንዴ በሠራሁት ቤት የትም አድራለሁ።»

ወፉ ደመናውን ሦስት ጊዜ አየ። ከዚያ ሁለቱንም ጎጆ በአንድ ልክ ጎንጉኖ በአንድ ዓይነት ቋጠሮ አሰራቸው። እንቁላሎቹ ገና እንደተጣሉ ዝናቡ ወረደ። የግራሩ ጎጆ ጸና። የሸምበቆው ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር በለስላሳው አገዳ ላይ ቁልቁል ይንሸራተት ጀመር።

«ወንድምዬ፣ ልጆቼ ውኃ ውስጥ ሊገቡ ነው!» አለች እህቱ።

ወፉ በረረ። እህቱ ጎጆውን በመንቁሯ ደግፋለት፣ ቋጠሮውን ብቻ ፈትቶ ከሸምበቆው አንጓ በላይ አጥብቆ አሰረው።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሸረሪት መጥታ ሁለቱን ጎጆዎች በክሯ ለካች፣ ለካች፤ ልዩነት አጣች። የሸምበቆው ቋጠሮ ላይ ስትደርስ ግን፣ የተለየው እሱ ብቻ መሆኑን አይታ ቀስ ብላ ክሯን መጠቅለል ጀመረች።

ተረቴን እዚህ ሰቀልኩ፤ ነፋስ ቢመጣ እናንተ ያዙልኝ።