የእናንዬ ቤት ባላዎች

ዛሬ «ድጋፍ» ሲባል የሰው ልብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ገንዘብ ነው። ከዚያ በፊት ግን ድጋፍ እንጨት ነበር፤ ያዘመመ ቤት እንዳይወድቅ ከጎኑ የሚቆም ባላ። በድጋፍ ላይ የሚተረተው ተረትም ከአንዲት ሴት ቤት ወጣ ይባላል።

እናንዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ይዛ የምትኖርበትን ጎጆ ምሰሶ ከሥሩ ምስጥ በላውና ቤቱ ወደ ቁልቁለቱ ዘመመ። ክረምቱ ደርሷል። ቤቱ ከወደቀ የባሏ ወንድም ደምለው ጓሮ ገብታ ጥገኛ መሆኗ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሞት አስበልጣ ትጠላዋለች።

«ምሰሶ አቁሙልኝ፤ ሌላ አልጠይቃችሁም» አለች ዘመዶቿን።

ምሰሶ መቀየር ግን ጣራ አንስቶ ይዞ መዋል አለው፤ የማን ላብ እንደሆነም አይለይም። ባላ ግን ለብቻ ይመጣል፣ ለብቻ ይቆማል፣ አላፊ አግዳሚውም «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅለታል። ስለዚህ ደምለው ባላ ተሸክሞ መጣ። የእኅቷ ባል ከዚያ የወፈረ አመጣ። የክርስትና አባቷ ልጅስ ከማን ያንሳል? ሁሉም በቁልቁለቱ በኩል እየደረደሩ፣ የየራሳቸው ጠብቆ እንዲታይ በድንጋይ ይቀጠቅጡት ጀመር።

«ኧረ በቃችሁ! ቤቴን ገፋችሁት እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ! ዘመድ ያለው ሰው አይወድቅም» አለና ደምለው ባላውን አንድ ጊዜ ደግሞ መታው።

ጎጆው ሲጢጥ ብሎ ወደ ዳገቱ ዞሮ ዘመመ። የጓዳው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ባላዎቹም የሚደግፉት አጥተው ተራ በተራ ተጋደሙ።

እናንዬ አላለቀሰችም። ልጆቿን ከቤት አወጣች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ መጥረቢያ ይዛ ከጓሮዋ ወይራ ሥር ቆመች።

«ምሰሶዬን እኔው እቆርጣለሁ። ጣራ የሚያነሳልኝ ይቆይ፤ ለባላው የመጣ ባላውን ይዞ ይሂድልኝ!»

ደምለው አፍሮ መጥረቢያውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«አንተ ጣራውን ያዝ» አለችው። ጋቢውን ጥሎ ያዘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲሱ ምሰሶ ቆመ፤ ጎጆውም ቀና አለ።

ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ሁሉን ሲያዩ የዋሉት ሽማግሌ አባ ዘለለው፣ መሬት ላይ የተጋደሙትን ባላዎች በከዘራቸው ነካ እያደረጉ እንዲህ አሉ፦ «ምሰሶ ለሌለው ቤት ድጋፉም ግፊያ ነው።»