የዘንግ በር

በስሜን ተራሮች፣ ከጅብራ በቀር ብዙ ነገር በማይበቅልበት ከፍታ፣ የዘንግ በር የሚባል መተላለፊያ አለ። መንገዱን አንድ ቀጥ ያለ ሸለቆ አቋርጦት ወደ ገደል ይወርዳል፤ በሸለቆው ወዲህና ወዲያም አንዳንድ ረጅም ዘንግ ተተክሏል። በረዶ በጣለ ጊዜ ተሻጋሪው በወገኑ ያለውን ዘንግ ነቅሎ በረዶውን ከለካበት በኋላ ወደ ላይ ያነሣል፤ ከማዶ ያለውም ለክቶ እስኪያነሣለት ድረስ አይንቀሳቀስም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ልማዱ የመጣው ጫኔ ከሚባል ሰው ነው። ጫኔ ዘንጉን ወደ በረዶው ሰድዶ፣ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ እንደ ምስር የሚንከባለለውን በእጁ ይለይ ነበር ይባላል፤ እንዲህ ያለው በረዶ ሲረግጡት እንዳለ ተንዶ ገደል ይገባልና፣ እሱ ሳይለካ የሚያልፍ አልነበረም።

ሚስቱ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ከማዶ ወዳለው የእናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ፣ በነሐሴ፣ የትርንጎ አባት ሊሸኟት፣ ጫኔም ሊቀበላት ወደ በሩ ወጡ። ነገር ግን በዋዜማው የጣለው በረዶ ሸለቆውን ሞልቶት ስለነበር፣ አንዳንዶች ሁለት ቀን፣ አብዛኞቹ ግን ሦስት ቀን ይላሉ፣ ወዲህና ወዲያ ሆነው እየተያዩ ሰነበቱ።

«አንተ ሰው፣ በረዶ ስትወጋ ልጅህ ጥርስ ልታወጣ ነው» ትለዋለች ከማዶ።

«ታውጣ። እዚያው ሆነሽ ቁጠሪልኝ።»

«ማንን እንደምትመስል እንኳ አልጠየቅኸኝም።»

«አትንገሪኝ። ራሴ አያለሁ።»

በመጨረሻው ቀን ማለዳ ጫኔ በሦስት ቦታ ለካ፤ ሦስቱም ጠንካራ ሆነው አገኛቸው። ለአራተኛ ጊዜ ሊለካ ጎንበስ ሲል፣ ትርንጎ ልጅቱን ከፍ አድርጋ ስታሳየው አየና ዘንጉን አነሣ። ነይ ማለቱ ነበር። የእሱ ወገን ቀን ፀሐይ አቅልጦት ሌሊት ውርጭ ያጠነከረው ነበር፤ የእሷ ወገን ግን ፀሐይ አያገኘውም፤ ከዚያ በኩል የለካም አልነበረም።

«አባዬ፣ ልጅቱን ይያዙልኝ፤ መንገዱን ልርገጥላችሁ» አለች።

ዐሥራ አንድ እርምጃ እንደሄደች ይነገራል። ከዚያ በረዶው ከላይ ተሰንጥቆ ከእሷ ጋር ወረደ፤ ሸለቆውም ባዶ ዓለት ሆነ።

መንገዱ ተከፍቶ ነበርና ጫኔ ያለ ሥጋት ተሻግሮ ልጁን ከአያቷ እጅ ተቀበለ። ፊቷንም ገልጦ አየ። ማንን እንደምትመስል የነገረው የለም፤ አላስፈለገም። ያን ዘንጉን በትርንጎ ወገን ተከለው፤ ለራሱ ወገን ሌላ ቆረጠ ይባላል።

ዘንጎቹ ሲበሰብሱ የሚተኩት የልጅቱ ዘሮች ናቸው። ዛሬም ብቻውን የመጣ መንገደኛ፣ በማዶ ማንም እንደሌለ እያየ፣ ለክቶ ዘንጉን ያነሣና መልስ የሚደርስበትን ያህል ጊዜ ይቆማል። ሲሻገርም የመጀመሪያ ሥራው ዞሮ ከዚያኛው ወገን መለካት ነው፤ ከኋላው ለሚመጣ ሰው።